የፍራፍሬ ማድረቂያ ማሽን በቦንጋ፦ ከአሥራ አራት ወር አገልግሎት በኋላ

ካርቶኑ ላይ የታተመው የማንጎ፣ የሙዝና የቲማቲም ፎቶግራፍ ነው። መርካቶ የሸጠልኝ ነጋዴም «ለቋንጣም ይሆናል፣ አትጠራጠሪ» ብሎ ነው የሰጠኝ። እኔ የፈለግኩት ግን ከከፋ ደን የምሰበስበውን የግንድ እንጉዳይ የማደርቅበት ዕቃ ነበር። አሥራ አራት ወር ሠርቼበታለሁ፤ 412 ናሙና አልፎበታል። ፍራፍሬ ያደረቁ ሰዎች የጻፉት አስተያየት ሞልቷል፤ ለምርምር ናሙና የተጠቀመበት ሰው የጻፈው ግን እኔ ስፈልግ አላገኘሁም። ስለዚህ የሚሠራውንም የማይሠራውንም እንዳየሁት እጽፋለሁ።

የፋብሪካውን ስም አላነሳም። ይኸው ክብ ማሽን አራት አምስት ዓይነት ስም ተለጥፎበት ሲሸጥ አይቻለሁና ስሙ ለገዢ ብዙ አይጠቅምም። ከታች ማሞቂያና ማራገቢያ ያለበት መቀመጫ አለው፤ በላዩ ወለላቸው ወንፊት የሆነ አምስት የፕላስቲክ ትሪዎች ይደራረባሉ፤ ከላይ ቀዳዳ ያለው ክዳን ይገጠማል። ኃይሉ 250 ዋት ነው። ማዞሪያው ከ35 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሳያል። የከፈልኩበት 7,800 ብር ነው።

ከመግዛቴ በፊት የነበረውን ክረምት ካልተናገርኩ ማሽኑን ለምን እንደማመሰግን አይገባም። ያን ጊዜ ናሙናዎቼን በጋዜጣ ጠቅልዬ የማደርቀው በተከራየሁበት ቤት ማጀት፣ አከራዬ በቆሎ በሚሰቅሉበት ቆጥ ላይ ነበር። ቦንጋ ክረምቱን ፀሐይ የሚባል ነገር በቁም ነገር አይወጣም፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ከእሳቱ በላይ የተቀመጡት ጥላሸት ጠጡ፤ ከዳር የነበሩት ሻገቱ። በመስከረም አንዱን ካኪ ፖስታ ስከፍት በብሳና ግንድ ላይ ያገኘሁት፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ ጋኖደርማ የሚባል ጠንካራ የግንድ እንጉዳይ መሆን የነበረበት ነገር ከውስጥ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። የላይኛው ቅርፊት እንደ ቀለም ቅብ ያብረቀርቃል፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ግን ሰመጠ። ሥሩ የተቆላ ቡና ዱቄት የመሰለ ብናኝ ነበር፤ በብናኙ ውስጥ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ ጥንዚዛዎች ይሄዳሉ። እነዚህ ጥንዚዛዎች ኑሯቸው በእንጉዳይ ውስጥ ነው፤ ከጫካ ይዤ የመጣሁት እንቁላላቸውንም ጭምር ነበር። በዚያ ክረምት 31 ናሙና እንዲህ አለቀብኝ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ቁጥራቸው፣ ዛፋቸው፣ ቀናቸው ሁሉ አለ። አካላቸው የለም።

አካሉ ከሌለ ደግሞ መዝገቡ ወሬ ነው። ፎቶግራፍ ይረዳል፤ ነገር ግን የግንድ እንጉዳይን አብዛኛውን ጊዜ በፎቶግራፍ ብቻ መለየት አይቻልም። ሁለት ቡናማ መደርደሪያ የመሰሉ እንጉዳዮች ከውጭ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፤ ሥጋቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ የአንደኛው ከአንድ ዓይነት ክር፣ የሌላው ከሦስት ዓይነት ክር የተሸመነ ሆኖ ይገኛል። አዲስ ዝርያ አገኘሁ የሚል ሰው ደግሞ በዓለም አቀፉ የአሰያየም ሕግ መሠረት ዋናውን ናሙና ማስቀመጥና የት ተቋም እንዳስቀመጠው መግለጽ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጀመሪያ ጀምሮም የፈንገስ ስም ከታወቁት መዝጋቢዎች በአንዱ ተመዝግቦ ቁጥር ካላገኘ አይጸናም። በምድር ላይ ያሉት የፈንገስ ዝርያዎች ከ2.2 እስከ 3.8 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል፤ እስካሁን ስም የወጣላቸው 150,000 ገደማ ናቸው። የቀረው ስሙን የሚጠብቅ ነው፤ ብዙውም የሚጠብቀው እንደ ከፋ ባሉ ደኖች ውስጥ ነው።

ከፋን ብዙ ሰው የሚያውቀው በቡና ነው። ደኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብም ስሙ ከጫካ ቡናው ጋር አብሮ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ያስተባበረው የብዝኃ ሕይወት ጥናት ከአእዋፍና ከነፍሳት ጋር እንጉዳዮችንም መዝግቧል። እኔ የማየው የወደቁ ግንዶቹን ነው። ቀረሮ ሲወድቅ ምድር ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግን ድምፅ የለውም። ግንዱ ላይ የምናየው መደርደሪያ የፈንገሱ ፍሬ ብቻ ነው፤ ፈንገሱ ራሱ ከፀጉር በሚቀጥኑ ክሮች በእንጨቱ ውስጥ ተዘርግቶ ይበላል። አንዳንዱ እንጨቱ የተሠራባቸውን ሁለቱን፣ ሊግኒኑንም ሴሉሎሱንም፣ ይፈታና እንጨቱ ነጥቶ እንደ ቃጫ ይተለተላል። ሌላው ሴሉሎሱን ብቻ ወስዶ ቡናማ፣ በአራት ማዕዘን የሚሰነጣጠቅ ቅሪት ይተዋል። በሐሩር አካባቢ ደኖች የመጀመሪያው ዓይነት ይበዛል። እነዚህ ባይኖሩ የወደቀ ቀረሮ ለልጅ ልጅ ተጋድሞ ይቆይ ነበር፤ በውስጡ ያለውም ምግብ ለቡናው ሥር አይደርስም ነበር።

ወደ ማሽኑ ልመለስ።

የመጀመሪያው ነገር፦ ማዞሪያውን አትመኑት። እንጉዳይ ለናሙና የሚደርቀው በ40 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በጣም ካለፈ ሥጋው ይቀቀላል፤ ክሮቹ ተጣብቀው በማይክሮስኮፕ አይለዩም፤ ዲኤንኤውም ይጎዳል። እኔ ማዞሪያውን 40 ላይ አድርጌ ቴርሞሜትር ሳስገባ የታችኛው ትሪ 53 ዲግሪ አነበበ፤ የላይኛው 37። በአንድ ማሽን ውስጥ አሥራ ስድስት ዲግሪ ልዩነት ማለት ነው። ለሙዝ ምንም አይደለም። ለእኔ ግን ታች የተቀመጠው ናሙና ተበላሸ ማለት ነው። አሁን የታችኛውን ትሪ ባዶ እተወዋለሁ፤ ማዞሪያውን 35 ላይ አደርጋለሁ፤ ሁለተኛው ትሪ ላይ 41 ወይም 42 ይመጣል። በየአራት ሰዓቱ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ አዛውራለሁ። 300 ብር የማይሞላ ቴርሞሜትር አብሮ ያልገዛ ሰው ይህን ማሽን ለናሙና ባይጠቀምበት ይሻላል።

ሁለተኛው የትሪዎቹ ጥበት ነው። በትሪና በትሪ መካከል ያለው ክፍተት ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው። ትራሜቲስ ለሚባለው ስስ እንጉዳይ ይበቃል፤ ትልቅ ጋኖደርማ ግን አይገባም። አንድ ቀን ከዋንዛ ግንድ ያወረድኩት 640 ግራም የሚመዝን ጋኖደርማ ነበር፤ ክዳኑ አልገጠም አለ፤ ሙቀቱ በጎን ይወጣል። ያደረግኩት የአንዱን ትሪ ወንፊት በብረት መጋዝ ዙሪያውን ቆርጦ ማውጣት ነው። ባዶ ቀለበት ሆነ፤ በሁለት ትሪዎች መካከል ሳስገባው ክፍተቱ ስድስት ሴንቲ ሜትር ደረሰ። ወፍራሙን ደግሞ እንዳለ ማስገባት ስሕተት ነው። ከላይ እስከ ታች፣ ግንዱን ከያዘበት እስከ ጠርዙ እንደ ዳቦ በቁመት እሰነጥቀዋለሁ፤ ቅርፊቱ፣ ሥጋውና ቱቦዎቹ በአንድ ገጽ ይታያሉ፤ ሙቀቱም ወደ ውስጥ ይደርሳል። ያ ጋኖደርማ ሦስት ቀን ፈጀ። በየማታው በኤሌክትሪክ ሚዛን አየዋለሁ። ሁለት ሌሊት ተከታትሎ 230 ግራም ላይ ሲቆም አወጣሁት።

ሦስተኛው ጉዳይ የፋብሪካው ጥፋት አይደለም፤ የእኛ ሥራ የሚፈልገው ጥንቃቄ ነው። ወንፊቱ ሰፊ ስለሆነ ፍርፋሪ ከትሪ ወደ ትሪ ይወርዳል፤ ማራገቢያው ደግሞ ስፖሩን፣ እንጉዳዩ የሚራባበትን እንደ ዘር ያለ ብናኝ፣ ይበትነዋል። የአንዱ ናሙና ስፖር በሌላው ላይ ካረፈ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሰው ይሳሳታል። ከአሮጌ አጎበር ትናንሽ ከረጢቶች ሰፋሁ፤ እያንዳንዱ ናሙና በየከረጢቱ ይገባል፤ ቁጥሩ በእርሳስ ተጽፎ አብሮት ይገባል። በእስክሪብቶ አይጻፍ፤ እርጥበቱ ሲወጣ ቀለሙን ያበላሸዋል። ከረጢቱ ፍርፋሪውን ይይዛል፤ ስፖሩን ግን ሙሉ በሙሉ አያቆምም። ስለዚህ ስፖር የሚጥለውን እንጉዳይ አስቀድሜ ሌሊቱን በወረቀት ላይ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ደፍቼ አሳድረዋለሁ። ንጹሑን ስፖር ከዚያ እወስዳለሁ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ትሪዎቹን በአልኮል እጠርጋለሁ፤ ፕላስቲኩ እስካሁን አልተሰነጠቀም።

ማድረቂያው ምን እንደሚወስድም ማወቅ ያስፈልጋል። ሽታ ይወስዳል፤ ቀለም ይወስዳል፤ ቅርጽ ይለውጣል። ስለዚህ ከትሪው በፊት ደብተር ይቀድማል፦ የዛፉ ስም፣ የግንዱ ውፍረት፣ ከፍታው፣ እንጨቱ የደረሰበት የመበስበስ ደረጃ። ደረጃውን የምለካው በቢላዋ ነው። ጫፉ ብቻ ከገባ ግንዱ ገና ጠንካራ ነው፤ እስከ እጀታው ከጠለቀ አፈር ለመሆን ተቃርቧል፤ ሁለቱ ላይ የሚበቅሉት እንጉዳዮች የተለያዩ ናቸው። የሩዝ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ደግሞ ወደ ማሽኑ ከመግባቷ በፊት ከሥጋው ቆርጬ እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል ውስጥ አስቀምጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የፈንገሶች መለያ እንዲሆን የተመረጠው አይቲኤስ የሚባለው የዘረመል ክፍል የሚነበበው ከእርሷ ነው።

በማሽኑ ውስጥ እያንዳንዱ ወገን የራሱ ጠባይ አለው። ኦሪኩላሪያ፣ ያች ጆሮ የመሰለች ለስላሳዋ፣ በሰባት ሰዓት ውስጥ ጠቁራ፣ ቀጥና እንደ ቀንድ ትደርቃለች። ትሪው ላይ ትጣበቃለችና በግማሹ መገልበጥ ያስፈልጋል። ከወር በኋላ ቁራጯን ውኃ ውስጥ ሳስገባ መልሳ ጆሮ ሆነች። የፊሊነስ ወገን የሆኑት እንጨት መሳዮች ቅርጻቸው ምንም አይለወጥም፤ ከደረቁ በኋላም ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ኬሚካል አንድ ጠብታ ሳደርግባቸው ቡናማ ሥጋቸው ወዲያው ይጠቁራል። ቀይ ብርቱካናማዋ ፒክኖፖረስ ቀለሟን ጠብቃልኛለች፤ ከትሪው ሳወጣት አሁንም የበርበሬ ቀለም አላት።

ከሁሉም ግን ሳልጠግብ የማየው ሺዞፊለም ኮሚዩንን ነው። ከአንታርክቲካ በቀር በሁሉም አህጉር ይገኛል፤ በቦንጋ በማገዶ ክምር ላይ ሳይቀር ይበቅላል። ከጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ላዩ ነጭ ፀጉራም ነው። ሲገለበጥ ከአንድ ጥግ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉ ስስ ገጾች አሉት፤ እያንዳንዱ ገጽ በቁመቱ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። አንድ ማታ ክዳኑን በየግማሽ ሰዓቱ እየከፈትኩ በአጉሊ መነጽር ተመለከትኩት። እርጥበቱ ሲወጣ የተሰነጠቁት ግማሾች ቀስ እያሉ ወደየጎናቸው ይጠቀለላሉ፤ ስፖር የሚጥለውን ፊት ወደ ውስጥ ይሸፍኑታል፤ በሦስተኛው ሰዓት ከላይ የሚታየው ጸጉሩ ብቻ ሆነ። ጠዋት አንዱን በእርጥብ ጨርቅ ላይ አኖርኩት፤ ከቁርስ በፊት ተከፍቶ አገኘሁት። ይህ እንጉዳይ ለዓመታት ደርቆ ከቆየ በኋላ እንኳ ውኃ ሲያገኝ ስፖር መጣል እንደሚጀምር የታወቀ ነው። ናሙና ክፍል ለሚሠራ ሰው ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የደረቀ ሁሉ አልሞተም፤ ፖስታው እርጥበት ካገኘ ሥራውን ይቀጥላል።

ስለ መብራት። ማሽኑ ሙሉ ቀን ሳያቋርጥ ቢሞቅ የሚፈጀው 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ከበድ የሚል አይደለም። የሚከብደው መብራቱ ሲጠፋ ነው። ግማሽ የደረቀ እንጉዳይ በተዘጋ ትሪ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ያልባል፤ በአንድ ሌሊት ይሻግታል። በሐምሌ ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ጠፋና 19 ናሙና ለማትረፍ ትሪዎቹን አውጥቼ በከሰል ምድጃ ዙሪያ፣ አንድ ክንድ ርቄ ደረደርኳቸው፤ እስኪነጋ ቴርሞሜትሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። 16ቱ ተረፉ። መብራት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ መሥራት ይጀምራል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ቁልፍ ተጭነው የሚያስነሡት ዲጂታል ዓይነቱ ግን ሰው ካልነካው ላይነሣ ይችላልና ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ፊት ነቅላችሁ ሰክታችሁ ሞክሩት። በመንገድ ላይ ለሚሰበስብ ሰው ደግሞ 250 ዋት በትንሽ ጄኔሬተር የሚሠራ መሆኑ ይጠቅማል።

ድምፁ የማያቋርጥ ዝዝታ ነው፤ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ አይመከርም። የኤሌክትሪክ ገመዱ አጭር ነው። ዋስትናው አንድ ዓመት ይላል፤ በስምንተኛው ወር ማራገቢያው መንጠቅ ሲጀምር ግን የገዛሁበት ሱቅ አልተቀበለኝም። ቦንጋ ያለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከፍቶ አጸዳውና ዘይት ቀባው፤ የያዘው የእንጉዳይ ብናኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ወሩ ራሴ እከፍተዋለሁ።

ከማሽኑ የወጣው ናሙና ገና አላለቀም። በዚፕ ከረጢት አድርጌ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚሠራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆየዋለሁ፤ የተረፈ እንቁላል ካለ እዚያ ያልቃል። ቀጥሎ ካኪ ፖስታ፣ ሙሉ መግለጫ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር። ስም ለመስጠት ስቀመጥ ኖርዌጂያዊው ሌፍ ሪቫርደን ከኢንገር ዮሐንሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 ኦስሎ ላይ ያሳተሙትን የምሥራቅ አፍሪካ የግንድ እንጉዳዮች መለያ መጽሐፍ እከፍታለሁ። መጽሐፉ የሚጠይቀው ስለ ቱቦው ውፍረት፣ ስለ ክሩ ዓይነት፣ ስለ ስፖሩ ቅርጽ ነው። በደንብ የደረቀ ናሙና ሁሉንም ይመልሳል። ከ412ቱ ናሙናዎች በሻጋታም በነፍሳትም የጠፋብኝ 9 ብቻ ነው፤ ሦስቱ ያን የሐምሌ ሌሊት የሄዱት ናቸው።

ስለዚህ ግዙት እላለሁ። ለተማሪ፣ ለደን ባለሙያ፣ በየወረዳው እንጉዳይ ለሚመዘግብ ሰው ሁሉ ይሆናል፤ ቴርሞሜትር፣ የብረት መጋዝና አሮጌ አጎበር አብሮ ካለ። በቀን ከ40 በላይ ናሙና ለሚሰበስብ ቡድን ግን ይጠባል፤ እንደ ቁም ሣጥን የሚከፈት፣ ማራገቢያው ከኋላ የሆነው ዓይነት ሙቀቱ ከትሪ ትሪ ብዙም አይለያይምና ገንዘብ ላለው የተሻለ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። አከራዬ መጀመሪያ ማሽኑን ሲያዩ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ የጅብ ጥላ ልትበዪው ነው?» ብለውኝ ነበር። «አይ እማማ፣ ለመዝገብ ነው» ብዬ የሺዞፊለሙን መከፈትና መዘጋት አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ ማገዶ ሲፈልጡ ያገኙትን እያመጡ ይሰጡኛል፤ ቁጥር 287 እና ቁጥር 305 የእርሳቸው ናቸው፤ ሁለቱንም እስካሁን በየትኛውም መለያ አላገኘኋቸውም። በጥቅምት ከጓሯቸው የለቀሙትን ኮረሪማ ይዘው መጡና በማሽኑ እንዳደርቅላቸው ጠየቁኝ። እምቢ ማለት ከበደኝ፤ ግን እምቢ አልኩ። ስሙ ያልታወቀ ፈንገስ ያለፈበት ትሪ ላይ የሚበላ ነገር አይቀመጥም፤ የሚበላ ያለፈበትም ላይ ናሙና አይቀመጥም። ሁለተኛ ማሽን ለመግዛት እያጠራቀምኩ ነው፤ እርሱ የኮረሪማ ነው።